ለቆሮሶ የመጀመሪያ ዘንግና ሪል፦ ከድሬዳዋ ለሚነሳ ጀማሪ

የመጀመሪያ ዘንጋችሁን ስትገዙ ቀጭኑንና ቀላሉን ምረጡ። ጫፉ በጣት ሲነካ የሚታጠፍ ይሁን። ቲላፒያ ለሚባለው ዓሣ፣ ለቆሮሶ፣ የሚሆነው እሱ ነው።

ይህን አስረግጬ የምናገረው በምክንያት ነው። የከዚራ ልጆች «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብለው የሚያመጡልኝ ዘንግ ብዙውን ጊዜ የባሕር ነው። ከጅቡቲ የሚመለስ ሰው ይዞላቸው ይመጣል። ዘንጉ ወፍራም፣ ክር የሚጠቀልለው ማሽን፣ ሪሉ፣ ጀበና የሚያክል። ለባሕር ዓሣ ጥሩ ዕቃ ነው። ቆሮሶ ግን አፉ ትንሽ ነው፤ ሲነካም ቀስ ብሎ ነው። ትሉን ቀመስ አድርጎ ይተፋዋል። ወፍራም ዘንግ ላይ ይህ ለእጅ አይሰማም። ተበልታችሁ ባዶ መንጠቆ ትጠብቃላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ድሬዎች ዓሣ ለማጥመድ ሩቅ መሄድ አለብን። እኔ የምሄደው ቆቃ ሐይቅ ነው። በባቡር አዳማ እወርዳለሁ፣ ከዚያ በመኪና እቀጥላለሁ። ስለዚህ ዘንጉ ራሱ መንገደኛ መሆን አለበት። አንድ ወጥ ረጅም ዘንግ ይዞ ባቡር መሳፈር ለናንተም ለጎረቤት ተሳፋሪም መከራ ነው።

ገና ለጀመረ ሰው ምክሬ ሪል የሌለው ዘንግ ነው። ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆን፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገባ የፋይበር ግላስ ዘንግ ፈልጉ። ክሩ ጫፉ ላይ ይታሰራል፤ ርዝመቱ ከዘንጉ ጋር እኩል ይሁን። ተንሳፋፊ፣ ትንሽ እርሳስ፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ትል፤ በቃ። ቆሮሶ ሸምበቆና ሣር ያለበት ዳርቻ ላይ ስለሚገኝ ሩቅ መወርወር አያስፈልግም። የሚበላሽ ማሽን የለውም። አነካኩንም ቶሎ ያስተምራል። ስትዘረጉት ከጫፉ ጀምሩ፣ ስታጥፉት ከወፍራሙ። ከማጠፋችሁ በፊት አሸዋውን በጨርቅ ጥረጉ፤ አሸዋ ከገባ መገጣጠሚያው ይነክሳል።

ሪል ያለው ከፈለጋችሁ ከ1.8 እስከ 2.1 ሜትር፣ ሁለት ቦታ የሚከፈል ዘንግ ይሁን። ከመያዣው ከፍ ብሎ የተጻፈውን አንብቡ። የክሩ ጥንካሬ ከ4 እስከ 8 ፓውንድ፣ የሚወረወረው ክብደት ከ2 እስከ 10 ግራም የሚል ከሆነ ትክክለኛው ነው። አሜሪካ ዘመድ ያለው ደግሞ «ለክራፒ የሚሆን» ብሎ ያስመጣ። ክራፒ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፣ እኛ ጋ የለም። መጠኑ ግን ከቆሮሶ ብዙ አይርቅም። የክራፒ የአፉ ሥጋ ስስ ስለሆነ በኃይል ሲጎተት ይቀደዳል። ለዚህ ሲሉ ዘንጉን ለስላሳ አድርገው ይሠሩታል። ለኛ ሥራ ልክ ነው።

ካርቦን ወይስ ፋይበር ግላስ? ካርቦን ቀላል ነው፣ ትንሿን ንክኪም ያሰማል። ነገር ግን ከተጋጨ ይሰበራል። ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ ከመብራት መስመር ሥር ወይም መብረቅ ባለበት ሰዓት እንዳትዘረጉት። ፋይበር ግላስ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ብዙ ይችላል። ለጀማሪ ፋይበር ግላስ ይበቃል።

ከመክፈላችሁ በፊት ጥጥ ያዙና ክሩ በሚያልፍበት በየቀለበቱ ውስጥ አሳልፉ። ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሸርፏል፤ ክራችሁን ይበላል። ከዚያ እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን እዩ።

አሁን ወደ ሪሉ። በምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ስለሠራሁ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ክፍት ሆኖ ክሩ ከፊት የሚለቀቀው፣ ስፒኒንግ የሚባለው ይሁን። የመጠን ቁጥሩ 1000 ወይም 2000። 4000ና ከዚያ በላይ ለዚህ ዘንግ አይሆንም። ለሕፃን ልጅ በቁልፍ የሚለቀቀው የተሸፈነ ሪል ጥሩ ነው።

«12 ኩሽኔታ አለው» የሚል ጽሑፍ አያማልላችሁ። የኩሽኔታ ብዛት ጥራት አይደለም። እጀታውን በጣም ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። በፍጥነት ሲዞር መጥፎውም ጥሩ ይመስላል። ቀስ ሲል ነው ጥርሱ የሚፈጨው፣ የሚንቀጠቀጠው የሚታወቀው። ጆሯችሁን አስጠጉ። ከዚያ እጀታውን ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉ፤ ብዙ የሚላወስ ከሆነ ተዉት። የክር መያዣውን ሽቦ ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ፤ ቀጥ ብሎ መመለስ አለበት።

ዋናው ግን ፍሬኑ ነው። ዓሣው ሲጎትት ክሩን ሳይበጠስ በልክ የሚለቀው እሱ ነው። ቆቃ ውስጥ አምባዛም ካርፕም አለ። ቆሮሶ ስትጠብቁ ትልቅ አምባዛ ቢይዝባችሁ የሚያድናችሁ ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬኑ ከክሩ አቅም ሩብ ያህሉ ላይ መልቀቅ አለበት። ባለ 6 ፓውንድ ክር 2.7 ኪሎ ገደማ ይችላል፤ ስለዚህ 700 ግራም አካባቢ። ሚዛን አያስፈልግም። ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሪሉ በሚወጣው ክር ላይ አንጠልጥሉ፤ መያዝ አለበት። አንድ ሊትር ስታንጠለጥሉ ደግሞ ሳይንገጫገጭ ይልቀቅ። እየያዘ እየለቀቀ ከወረደ ያንን ሪል አትግዙ፤ ርካሽም ቢሆን።

ሪሉን ዘንጉ ላይ አስራችሁ ከሪሉ ፊት ለፊት በአንድ ጣት አንሱት። ጫፉ ወደ መሬት ከደፋ ቀኑን ሙሉ ክንድ ያደክማል።

ክሩ ተራ ናይለን፣ 0.18 ወይም 0.20 ሚሊሜትር። ክሩ የሚጠቀለልበትን የሪሉን ክፍል እስከ አፉ አትሙሉት፤ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይቅር። ፀሐይ ናይለንን ታደክማለችና በድሬ ሙቀት መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ አትተዉት። በየዓመቱ ቀይሩት።

ቆቃ ውስጥ አዞና ጉማሬ አለ። የት መቆም እንደሚቻል የአካባቢውን አጥማጆች ሳትጠይቁ ውሃ ዳር አትጠጉ።

መወርወር ለመለማመድ ውሃ አይጠበቅም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አለላችሁ። በበጋ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ሂዱ። ዝናብ በሚጠረጠርበት ጊዜ ግን ዝር እንዳትሉ። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ያደረገውን የድሬ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እዚህ ሳይዘንብ ከደጋው ይወርዳል። መንጠቆውን ፈትታችሁ ትንሽ እርሳስ ብቻ እሰሩ። ባልዲ 10 ሜትር ላይ አስቀምጡና እሱ ላይ አነጣጥሩ። በጉልበት አትወርውሩ፤ ዘንጉ ራሱ ታጥፎ ይወርውረው። 10 ሜትሩ ሲለመድ ወደ 15 አርቁት። ለቆሮሶ ከዚያ በላይ አያስፈልጋችሁም።