የአጋዘን ሥጋ ከጥይት እስከ ድስት፦ ችግር፣ መንስኤና መፍትሄ

አሜሪካ ውስጥ ነጭ ጅራት አጋዘን ጥሎ የሚመለስ አዳኝ ድስቱ ላይ የሚያማርርባቸው ነገሮች አብዛኞቹ የሚፈጠሩት ጫካ ውስጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ተነስተን ወደ ኋላ እንሄዳለን።

ለመመዘኛ፦ በቁሙ 70 ኪሎ የሚሆን አጋዘን የሆድ ዕቃው ሲወጣ 55 ኪሎ ገደማ ይቀራል። ቆዳ፣ አጥንትና ጅማት ከተነሳለት በኋላ ማቀዝቀዣ የሚገባው ቀይ ሥጋ 25 ኪሎ አካባቢ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ወይ ጥይቱ ወርቹን ወይም ታፋውን አበላሽቶታል፣ ወይ ቢላዋው አጥንት ላይ ሥጋ ትቷል። አንገቱንና የጎድን መሐሉን ሥጋ ለወጥና ለሚፈጭ ሥጋ መልቀም ብቻውን ጥቂት ኪሎ ይጨምራል።

ሥጋው ሲበስል ይሸታል፣ «ዱር ዱር» ይላል

አራት መንስኤዎች አሉት፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተደርበው ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ጥቅጥቅ ያለው ፀጉር ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ ሆድ ዕቃውም ውስጥ ውስጡን ይፈላል። ሕጉ የሚጠይቀውን ምልክት ማሰርና ማስመዝገብ ሳትዘነጉ፣ እንስሳው እንደወደቀ ክፈቱት። ደረቱን ተመቶ የሞተ እንስሳ ጉሮሮውን ቢቆርጡት የሚወጣው ደም ጥቂት ነው፤ ደሙ ያለው ደረቱ ውስጥ ነው፣ የሚፈሰውም ሲከፈት ነው። አየሩ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ከሆነ ውሃ ሞልታችሁ ያቀዘቀዛችኋቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች ባዶው ደረትና ሆድ ውስጥ አስገቡ። ልቅ በረዶ አትጨምሩ፤ ሲቀልጥ ሥጋው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ቀለሙም ይነጣል።

ሁለተኛው እጢ ነው። በኋላ እግሩ ቋንጃ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ጠቆር ያለ ጎፈር ያለበት ቦታ ታያላችሁ። በመራቢያ ወራት ወንዱ ስለሚሸናበት ሽታው ከርቀት ይታወቃል። አትንኩት፣ ቆርጣችሁ ለማውጣትም አትድከሙ፤ ከቆዳው ጋር አብሮ ይወጣል። በእጃችሁ ወይም በቢላዋችሁ ከነካችሁት ግን ሥጋ ከመያዛችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ።

ሦስተኛው ስብ ነው። በሬ ላይ የምንወደው ጮማ አጋዘን ላይ ጠላት ነው፤ ቶሎ ይረጋል፣ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ይበላሻል። ሁሉንም ገፋችሁ አውጡት። ከሥጋው ላይ ያለውን ብርማ ስስ ሽፋንም ስል በሆነ ቀጭን ቢላ ግፈፉ። ለሚፈጨው ሥጋ ከ10 እስከ 20 በመቶ የበሬ ስብ ጨምሩበት፤ አለዚያ ምጣድ ላይ ይፈረካከሳል።

አራተኛው ሩጫ ነው። ቆስሎ ረጅም ርቀት የሮጠ አጋዘን ጡንቻው ውስጥ ያለውን ጉልበት ይጨርሳል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ ለቋንጣ ወይም ለቀይ ወጥ መድቡትና ቶሎ ተጠቀሙበት። ወተት ውስጥ መዘፍዘፍ የሚሉ አሉ፤ ሽታውን ጥቂት ቢቀንስም መንስኤውን አይነካም።

ሆድ ዕቃው ሲወጣ ፈነዳ

የቢላዋው ስለት ወደ ታች ስለሄደ ነው። ቆዳውን ሁለት ጣት አስገብታችሁ ከፍ አድርጉት፣ ስለቱ ወደ ላይ ይዙር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ቁረጡ፤ ፀጉር ሥጋው ላይ እንዳይበተንም ይኸው ነው መንገዱ። ፊንጢጣውን ዙሪያውን ፈልፍላችሁ በገመድ እሰሩት። ከፈነዳ ደግሞ የነካውን ቦታ ወዲያው በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ በወረቀት አድርቁ፣ የቆሸሸውንም ሥጋ ቆርጣችሁ ጣሉ። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በሆዱ በኩል ያለው ትንሹ ጭቅና ነው።

ጥይቱ ያለፈበት ቦታ ደም ቋጥሯል

ደም የቋጠረውን በሙሉ አውጡ። የእርሳስ ጥይት ተበታትኖ ለዓይን የማይታይ ፍርፋሪ ሆኖ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ በዙሪያው ያለውንም በልግስና ቁረጡ፣ አትፍጩት። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር የሚቀርብ ሥጋ ከዚያ አካባቢ አይሁን። በሚቀጥለው ዓመት ወደ መዳብ ጥይት መቀየር ችግሩን ከምንጩ ያደርቀዋል።

ሥጋው ንጹህ ነው፣ ግን እንደ ጎማ ይለጠጣል

ሞቅ እንዳለ ከአጥንት ተላቆ ወይም በረዶ ሆኖ ነው። ከሞት በኋላ ጡንቻው ይደርቃል፣ ቀስ ብሎም ይላላል። ከዚያ በፊት ከአጥንቱ የተላቀቀ ሥጋ የሚይዘው ስለሌለ ይኮማተራል። ቢያንስ 24 ሰዓት ከአጥንቱ ሳይለይ ይቆይ። ከ34 እስከ 40 ዲግሪ ፋራናይት ባለበት ከ3 እስከ 7 ቀን ቢሰቀል ይለሰልሳል። ጋራዡ ቀን ላይ የሚሞቅ ከሆነ ግን አትስቀሉ፤ በሩብ ቆራርጣችሁ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ የበረዶ ሳጥን ውስጥ አድርጉ፣ የውሃ መውጫውን ክፍት ተዉት፣ በረዶውን በየቀኑ ቀይሩ። ሽንጡና ጭቅናው ለጥብስ፣ ታፋው ለቋንጣ፣ ወርቹና አንገቱ ለወጥ፣ ቅልጥሙ ለረጅም ጊዜ የሚበስል ነው። ጥብስ ከሆነ ምጣዱ በጣም ይጋል፣ ሥጋው ቶሎ ይውጣ፤ ስብ የሌለው ሥጋ ሲቆይ ይደርቃል።

ዱለት ልትሠሩ ጉበቱን ስታዩ ሐሞት አጣችሁ

አትፈልጉት። አጋዘን ሐሞት ከረጢት የለውም። በግና ፍየል ያረደ እጅ በልማድ ይፈልገዋል፣ ሲያጣውም እንስሳው የታመመ ይመስለዋል። ጉበቱ ላይ ግን ዕባጭ፣ ወፍራም ጠባሳ ወይም ጠፍጣፋ ትል ካለ ጣሉት፤ በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የተለመደ ነው፣ ሌላውን ሥጋ አያበላሽም። አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የሚታዩት ወፋፍራም ትሎችም የዝንብ እጭ ናቸው፤ ያስጠላሉ እንጂ ሥጋውን አይነኩም። ልቡን ሰንጥቃችሁ የረጋውን ደም እጠቡ። ጨጓራውን ለዱለት የሚፈልግ ወዲያው ገልብጦ በብዙ ውሃ ይጠበው፤ ለነገ ካደረ ሽታው አይለቅም።

ክትፎ ይሆናል ወይ?

አይመከርም። የዱር እንስሳ የእንስሳት ሐኪም አላየውም፤ ኢ ኮላይና ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖሩበት ይችላሉ። በረዶ ማድረግ የኋለኛውን ይቀንሰዋል፣ ኢ ኮላይን ግን አይገድልም። ለብ ለብም መሐሉን ጥሬ ስለሚተው ያው ነው። የተፈጨ ሥጋ 160 ዲግሪ ፋራናይት ይድረስ።

ቋንጣው ሻገተ፣ ወይም ውጩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነው

እርጥበት ባለው ቤዝመንት ውስጥ ገመድ ላይ የተሰቀለ ቋንጣ ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። ቶሎ ይድረቅ ተብሎ ምድጃው በጣም ሲግል ደግሞ ውጩ ቅርፊት ሠርቶ እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋል። ሥጋውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ውፍረት አድርጋችሁ ዘልዝሉ፤ በከፊል በረዶ ሲሆን እኩል ይቆረጣል። ለ1 ኪሎ 20 ግራም ጨውና 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይበቃል። መጀመሪያ 160 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቁት፣ ከዚያ ከ130 እስከ 140 ዲግሪ ባለ ማድረቂያ ውስጥ ጨርሱት። ማሞቁ ከአያቶቻችን አሠራር ውጭ ነው የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ግን የእነሱ ፀሐይና ንፋስ እዚህ የሉም። ሲታጠፍ መሰንጠቅ አለበት። ሳይቀዘቅዝ አትክደኑት፤ ላቡ ተመልሶ ያሻግተዋል።

ለገና የተቀመጠው ሥጋ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አወጣ

በብዙ ግዛቶች የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ኖቬምበር ላይ ነው፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፣ ስለዚህ ሥጋው ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የሚጾመው። ነጩ ነገር አየር ነክቶት የደረቀ ቦታ ነው፤ አይጎዳም፣ ግን ጣዕም የለውም፣ ገፋችሁ ጣሉት። አየር በሚያወጣ ማሸጊያ፣ ያ ከሌለ በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ በላዩ የሥጋ ወረቀት ድገሙ። 0 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ሙዳው እስከ አንድ ዓመት፣ የተፈጨው 3 ወይም 4 ወር ጣዕሙን ይጠብቃል። በረዶውን ፍሪጅ ውስጥ ፍቱት።

ለዘመድና ለጎረቤት መስጠት ይቻላል፤ እንደ ቅርጫ ገንዘብ አዋጥቶ መከፋፈል ግን አይሆንም፣ የታደነ የዱር ሥጋ መሸጥ የተከለከለ ነው።

እንስሳው ከስቷል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ሰው አይሸሽም

ሲደብሊውዲ የሚባለው አጋዘንን የሚያመነምን በሽታ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ የታየ ሲሆን ዛሬ በብዙ ግዛቶች አለ። ጤነኛ የሚመስልም ሊይዘው ይችላል። መንስኤው ፕሪዮን የሚባል ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ በማብሰልም በማቀዝቀዝም አይጠፋም። ወደ ሰው መተላለፉ አልታየም፣ ሆኖም የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል የተያዘ እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ ይመክራል። በሽታው ባለበት አካባቢ ጓንት አድርጉ፣ አከርካሪውን በመጋዝ አትቁረጡ፣ ለመረቅ የእግር አጥንት ብቻ ተጠቀሙ። ምርመራው የሚወሰደው ከጭንቅላቱ ሥር ካሉ እጢዎች ስለሆነ ጭንቅላቱን ከጥቂት የአንገት ክፍል ጋር አስቀምጡ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋው ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቆይ። ሙሉውን ሬሳ በበሽታው ምክንያት ከተከለለ ቀጠና ማውጣት ብዙ ቦታ ያስቀጣል።

ቆዳው ፀጉሩ ይነቀላል

ሳይቀዘቅዝ ተጠቅልሎ ቆይቷል። ቆዳው ሞቅ እንዳለ በቀላሉ ይገፈፋል፤ ቢላዋውን ለማስጀመር ብቻ ተጠቀሙና በጡጫ ግፉት፣ ቢላ የነካው ቆዳ ይበሳል። ሥጋና ስቡን ፍቃችሁ፣ አዮዲን የሌለው ደቃቅ ጨው ከቆዳው ክብደት ጋር እኩል መዝናችሁ እስከ ጠርዙ እሹት። በ24 ሰዓት ውስጥ ውሃ ያወጣል፤ እርጥቡን ጨው አራግፉና በአዲስ ድገሙ። ለማልፋት የእንስሳው አንጎል በድሮ ሙያ ያገለግላል፣ ሲደብሊውዲ ባለበት አካባቢ ግን በእንቁላል አስኳል ተኩት፤ ለአንድ ቆዳ 12 አስኳል በለብ ያለ ውሃ ተመትቶ ይበቃል።