ለስታቲስቲክስ ዶክትሬት ከማመልከት በፊት የሚወሰዱ የሒሳብ ኮርሶች

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በስታቲስቲክስ ዶክትሬት ለመማር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የስታቲስቲክስ ኮርሶችን ቁጥር ለማብዛት ይደክማል፤ ማመልከቻውን የሚመረምሩት መምህራን ግን በቅድሚያ የሚያዩት የሒሳብ ውጤቱን ነው። ሪግሬሽንንም (አንድ መጠን ከሌሎች ጋር ያለውን ግንኙነት ከመረጃ መገመትን) ሆነ የናሙና አወሳሰድን ከገቡ በኋላ መማር ይቻላል፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠውን ቲዎሪ ግን ሒሳቡ የሳሳ ተማሪ በቀላሉ አይወጣውም።

ካልኩለስን እስከ ባለብዙ ተለዋዋጩ ድረስ ይጨርሱ። በተለይ ድርብ ኢንተግራልንና የተለዋዋጮች ለውጥን አይዝለሉ፤ የሁለት ራንደም ቫሪያብሎች (ዋጋቸው በዕድል የሚወሰን መጠኖች) ድምር ሥርጭት ሲፈለግ የሚያስፈልጉት እነርሱ ናቸው። በሊኒየር አልጀብራ ደግሞ ዲተርሚናንት ማስላት መቻል አይበቃም፤ ሪግሬሽን በጂኦሜትሪ ሲታይ አንድን ቬክተር በንዑስ ስፔስ ላይ ፕሮጀክት ማድረግ ስለሆነ፣ ፕሮጀክሽንንና አይገንቫልዩን በሚገባ መረዳት ያሻል። የኤምአይቲ የሊኒየር አልጀብራ ኮርስ (ቁጥሩ 18.06) በኢንተርኔት በነጻ ስለሚገኝ ለግል ጥናት ይጠቅማል፤ ነገር ግን በትራንስክሪፕት ላይ ስለማይሰፍር ተመዝግበው የሚወስዱትን ኮርስ አይተካም።

ከሁሉ የሚከብደው ሪል አናሊሲስ፣ ማለትም የካልኩለስን ሐሳቦች ከመሠረታቸው በማረጋገጫ የሚያጠናው ኮርስ ነው። የሴንትራል ሊሚት ቲዎረምም ሆነ የትላልቅ ቁጥሮች ሕግ ስለ ኮንቨርጀንስ (ወደ አንድ ወሰን እየተጠጉ ስለመሄድ) የሚናገሩ በመሆናቸው፣ በኤፕሲሎን (የፈለግነውን ያህል ትንሽ በሆነ ልዩነት) ማሰብን ያልለመደ ተማሪ ቀመሩን ያውቃል እንጂ ለምን እውነት እንደሆነ ማሳየት አይችልም። በእኔ ግምት በዚህ ኮርስ የተገኘ አንድ ‹ኤ› ከሦስት ተጨማሪ የአፕላይድ ኮርሶች ይበልጣል። ቲዎረም አረጋግጠው የማያውቁ ከሆነ ግን በቀጥታ አይግቡበት፤ ማረጋገጫ መጻፍን የሚያስተምር ቀለል ያለ ኮርስ ይቅደም። ማስተርስ ብቻ ለሚፈልግ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ።

ጊዜውንም አስቀድመው ያስሉ። የብዙዎቹ የዶክትሬት ፕሮግራሞች የማመልከቻ ቀነ ገደብ ዲሴምበር ላይ ስለሚውል፣ በመጨረሻው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር የተወሰደ ሪል አናሊሲስ ውጤቱ ሳይታይ ማመልከቻው ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ይውሰዱት። በአሜሪካ የሚኖሩና ዲግሪያቸውን በሌላ ሙያ የያዙ ወገኖቻችን ካልኩለስንና ሊኒየር አልጀብራን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአነስተኛ ክፍያ ሊያሟሉ ይችላሉ፤ ለሪል አናሊሲስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ማፈላለግ ግድ ነው።

ከኢትዮጵያ የሚያመለክቱ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ የኮርሱን ስምና ውጤት እንጂ ይዘቱን እንደማያሳይ ያስታውሱ። አንዳንድ ዲፓርትመንቶች የሒሳብ ኮርሶችን ዝርዝር ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ስለሚጠይቁ፣ የኮርስ መግለጫዎቹን ከትምህርት ክፍሉ ሳይመረቁ መውሰድ በኋላ ከሚመጣ ምልልስ ያድናል። ከድጋፍ ደብዳቤዎቹም ቢያንስ አንዱ ማረጋገጫ ሲጽፉ ካየዎት የሒሳብ መምህር ቢሆን ይመረጣል።