ሩት ሲደረግ ስልክ ሎጎ ላይ ከቀረ፦ ችግርና መፍትሄ

እዚህ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊም ሆነ ፔዳ ግቢ፣ ስልኩን ሩት ማድረግ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም። ሩት ማለት አምራቹ የቆለፈውን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ለባለቤቱ መክፈት ነው። ጣጣው የሚመጣው ቸኩለን ከየቴሌግራም ቻናሉ ያገኘነውን ፋይል ስንጭን ነው። የምትፈልጉት ከስልኩ ጋር የመጣን አላስፈላጊ አፕ ማንሳት ብቻ ከሆነ ሩቱን ተዉት። ያ በኮምፒውተር፣ በኤዲቢ (ከኮምፒውተር ለስልኩ ትዕዛዝ በሚልከው መሣሪያ) በኩል ይሠራል።

"ኦኢኤም አንሎክ" ደብዝዟል ወይም ጭራሽ የለም

ሴቲንግ ውስጥ "ቢልድ ነምበር" (የሶፍትዌሩ እትም ቁጥር) የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ፤ የዴቨሎፐር አማራጮች ይከፈታሉ። "ኦኢኤም አንሎክ" እዚያ ውስጥ ነው፤ ቡትሎደሩን (ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ለመክፈት የሚፈቅደው እሱ ነው። ምርጫው ከደበዘዘ ስልኩን ከኢንተርኔት አገናኙና ጠብቁ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ሳምሰንግ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩን እዩ። መጨረሻው ላይ "ዩ" የሚለው የላቲን ፊደል ካለ ቡትሎደሩ በአብዛኛው አይከፈትም። "እኔ እከፍተዋለሁ" ለሚላችሁ ቀብድ አትስጡ።

ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፎቶና ስልክ ቁጥር ቀድማችሁ አውጡ። ሳምሰንግ ላይ ደግሞ የተነካካ ሶፍትዌር ሲጫን የኖክስ (የሳምሰንግ የደኅንነት ሥርዓት) ምልክት ለዘለቄታው ይቀየራል። ሩቱን ብታነሱትም አይመለስም፤ ሴኪዩር ፎልደርም (የተቆለፈው የግል ማህደር) ከዚያ በኋላ አይሠራም።

ኮምፒውተሩ ስልኩን አያየውም

ገመዱን ቀይሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ሞልቷል። ከዚያ ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ስልኩን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ፕሮግራም) ጫኑ።

ስልኩ ሎጎ ላይ ቀረ፣ ወይም እየበራ ይጠፋል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ማጂስክ (ሩት ለማድረግ የሚያገለግለው አፕ) የሚሠራው የስልኩን ቡት ፋይል (ስልኩ ሲነሳ የሚጠቀመውን) ወስዶ፣ አሻሽሎ፣ መልሶ በማስጫን ነው። ቡት ፋይሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት) አለ። ከርነሉ ከቀረው ሲስተም ጋር ካልገጠመ ስልኩ አይነሳም፤ ቢነሳም ዋይፋይ ወይም ተች ላይሠራ ይችላል። "ጓደኛዬም ያው ስልክ ነው ያለው" ማለት አይበቃም። ሞዴሉ አንድ ሆኖ የቢልድ ቁጥሩ ከተለያየ ፋይሉ የእናንተ አይደለም።

መፍትሄው ኦሪጅናሉን መመለስ ነው። የቢልድ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ያዙ፤ የዚያኑ ቁጥር ሙሉ ሶፍትዌር አውርዱ። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ የሌሊት ጥቅል ይሻላል። ከውስጡ ቡት ፋይሉን አውጡና በፋስትቡት (ከኮምፒውተር ፋይሉን ስልኩ ላይ በሚጭነው መሣሪያ) መልሳችሁ ጫኑ፤ ሳምሰንግ ከሆነ በኦዲን። አንድሮይድ 13ን ይዘው የወጡ ብዙ ስልኮች ላይ የሚሻሻለው "ኢኒት ቡት" የሚባለው ስለሆነ፣ የቱን እንደነካችሁ አረጋግጡ። ኦሪጅናሉን ሩት ከማድረጋችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ብታስቀምጡ ደግሞ ይሄ ሁሉ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። እባካችሁ ይቺን አትዝለሉ።

ስልኩ የቆመው የማጂስክ ሞጁል (ተጨማሪ ማሻሻያ) ከጫናችሁ በኋላ ከሆነ ቡት ፋይሉን አትንኩ። በሴፍ ሞድ አስነሱት፤ ሞጁሎቹ ሳይሰረዙ በሙሉ ሥራ ያቆማሉ። ከዚያ እንደገና አስነሱትና ጥፋተኛውን ሰርዙ።

ፍላሽ ስታደርጉ (ፋይሉን ስልኩ ላይ ስትጭኑ) ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ተጠቀሙ። በዴስክቶፕ እየሠራችሁ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ስልኩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

የባንክ አፕ አልከፍት አለ

አፑ፣ ለምሳሌ በጎግል ፕሌይ ኢንተግሪቲ (ስልኩ እንዳልተነካካ በሚያጣራው የጎግል አገልግሎት) በኩል፣ ስልኩ እንደተነካካ አውቋል ማለት ነው። ማጂስክ ውስጥ ያለው የክልከላ ዝርዝር (ሩቱ የሚደበቅባቸው አፖች ዝርዝር) ላይ አፑን አስገቡ። አንዳንዴ ይሠራል፤ ቡትሎደሩ መከፈቱን የሚያጣራ አፕ ግን በዚህ አይታለልም። ገንዘብ የምትልኩበትና የምትቀበሉበት ስልክ አንድ ብቻ ከሆነ ሩት አታድርጉት። ለሙከራ አሮጌ ስልክ ፈልጉ።

ከአፕዴት በኋላ ሩቱ ጠፋ

አዲሱ ሶፍትዌር ቡት ፋይሉን ስለሚተካ ነው። የአዲሱን ቢልድ ቡት ፋይል አግኝታችሁ በማጂስክ አሻሽላችሁ ጫኑ። የድሮውን የተሻሻለ ፋይል መልሳችሁ ከጫናችሁ ግን ስልኩ ሎጎ ላይ ሊቀር ይችላል።