ሱባኤ በኮንዶሚኒየም

የፍልሰታ ጾም ሲገባ ጓደኞቼ ለሱባኤ፣ ማለትም በጾም፣ በጸሎትና በዝምታ ለመቆየት፣ ደብረ ሊባኖስ ወይም ዝቋላ ይወጣሉ። እኔ ልጆችም ሥራም አሉኝ። ስለዚህ ሱባኤዬን የምይዘው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በገዛ ቤቴ ነው። ገዳም መሄድ ለማትችሉ፣ እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ስንት ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት ጾም፣ ስንት ስግደት የሚለውን ራሳችሁ አትወስኑ። ሕመም ካለባችሁ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ካጠባችሁ ንገሯቸው። የእኔ ንስሐ አባት ስግደቱን ቀንሰው ዝምታውን ጨመሩልኝ። ከስግደቱ ይልቅ የከበደኝም እሱ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ሰዓታት አሏት። የሥራ ሰው ሁሉንም ላያደርስ ይችላል፤ የማለዳውን ጸሎት፣ ነግህን፣ ግን አትልቀቁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሕንጻው በሙሉ ተኝቷል። ጌታችን በቅፍርናሆም ድውያንን ሲፈውስ አምሽቶ፣ ገና ሳይነጋ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ ጸለየ። እነ ጴጥሮስ ተከትለው ሲያገኙት "ሁሉ ይፈልጉሃል" አሉት። የሚፈልገው ሰው እያለ ነው የወጣው። ይህን በተለይ ለእናቶች እላለሁ፤ ለጸሎት ብቻችንን መሆን ቤተሰብ መበደል የሚመስለን ብዙ ነን።

ስልካችሁ ማታውኑ ይጥፋ፣ ሌላ ክፍል ይደር። "ውዳሴ ማርያሙ እኮ ስልኬ ላይ ነው" ትሉ ይሆናል። የወረቀቱን ግዙ።

ነጠላችሁን ለብሳችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አድርጋችሁ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሱ፣ ከዳዊትም ድገሙ። ስትጨርሱ ወዲያው አትሂዱ። ተቀመጡና ዝም በሉ። ለጀማሪ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ያኔ ሐሳብ ይጎርፋል። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ ትናንት አለቃ የተናገረው። አትከራከሩት። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" በሉና ተመለሱ። እንደገና ከመጣ እንደገና በሉ። ብዙ ሰው "ዝም ስል ረበሸኝ" ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ረብሻው ግን ቀድሞም ነበረ፤ ጫጫታው ሸፍኖት ነው። ቂም ሲመጣ ግን አትለፉት። የተቀየማችሁትን ሰው ስም ጠርታችሁ ጸልዩለት፤ ሲነጋ ደውሉለት ወይም ሂዱ። ይህን ሳያደርጉ ቀኑን መቁጠር ለእኔ ሱባኤ አይደለም።

ቀን ቀን ሥራ ቦታ "አርምሞ (ዝምታ) ይዣለሁ" ብሎ ሰላምታ መንፈግ አይገባም። የሚቀረው ሐሜቱ፣ የፖለቲካ ክርክሩ፣ ሳይጠየቁ መመለሱ ነው። ሱባኤ መያዛችሁን ለሰው አታውሩ። የቤት ሰው ግን ይወቅ፤ ልጆች "እማዬ ተቆጥታለች" ብለው እንዳይሳቀቁ። ሌሊት ሕፃን ካለቀሰ ተነሥታችሁ እቀፉት። ዝምታው ተቋረጠ ብላችሁ አትዘኑ፤ እሱን አቅፋችሁም መጸለይ ይቻላል።

ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ሁሉን በአንዴ አትልቀቁ። ሩብ ሰዓቷን ቢያንስ ረቡዕና ዓርብ ማለዳ አቆዩአት፤ ስልኩም በእነዚያ ሌሊቶች ሌላ ክፍል ይደር።