ነባር ተኳሽን ከአየር ጠመንጃ ጋር ሲያስተዋውቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለዓመታት በባሩድ መሣሪያ ሲተኩስ የኖረን ሰው በባሩድ ፈንታ በታመቀ አየር ከሚተኩሰው የአየር ጠመንጃ ጋር የሚያስተዋውቅ አሠልጣኝ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የመጀመሪያው ስህተት መሣሪያውን የልጆች መጫወቻ አስመስሎ ማቅረብ ነው። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል፤ የዒላማው አሥር ቁጥርም 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያላት ነጥብ ናት። ይህችን ነጥብ በወረቀት ላይ ያየ ነባር ተኳሽ ንቀቱን ለመተው ጊዜ አይወስድበትም።

ሁለተኛውና በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ስህተት አያያዙን ሳያስረዱ መሣሪያውን ማስረከብ ነው። በሞላ (ስፕሪንግ) የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ፣ ታምቆ የነበረው ሞላ ከባዱን ፒስተን ወደ ፊት ስለሚወረውረው ጠመንጃው በመጀመሪያ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፒስተኑ ከፊቱ በታመቀው አየር ሲገታ ደግሞ ጠመንጃው ወደ ፊት ይነጥራል። እርሳሷ፣ ማለትም የአየር ጠመንጃው ጥይት፣ ከአፈሙዙ ሳትወጣ ጠመንጃው መንቀሳቀስ ስለሚጀምር፣ ሰደፉን ከትከሻው ጋር አጣብቆ መያዝ የለመደ ሰው በእያንዳንዱ ተኩስ በተጠቀመበት ኃይል ልክ እንቅስቃሴውን ይለዋውጠዋል፤ ምቶቹም ይበታተናሉ። ስለዚህ ጠመንጃውን በተዘረጋ መዳፉ ላይ እንዲያሳርፍ፣ ሰደፉን በትከሻው ላይ በስሱ እንዲያስነካና እርሳሷ ዒላማውን እስክትመታ ድረስ ማነጣጠሩን እንዳያቋርጥ መንገር ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አምስት ጊዜ አጥብቆ፣ አምስት ጊዜ ደግሞ አላልቶ እንዲተኩስ አድርጎ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ማሳየት ነው፤ ልምድ ያለው ሰው የራሱን ምት አይጠራጠርም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ስህተት ከባሩድ ጠመንጃው የፈታውን ማነጣጠሪያ መነጽር እንዲገጥምበት መፍቀድ ነው። ወደ ኋላ የሚገፋ ኃይልን ብቻ እንዲቋቋም የተሠራ መነጽር በዚህ የሁለት አቅጣጫ ንዝረት ሊበላሽ ይችላል፤ ለሩቅ ርቀት የተስተካከለ ከሆነም በ10 ሜትር ላይ ያለውን ዒላማ አደብዝዞ ያሳያል።

ያለ ጥይት ቃታ እየሳቡ መለማመድ በብዙ የባሩድ መሣሪያዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ በሞላ በሚሠራው ላይ ሊፈቀድ አይገባም፤ አየሩን የሚያግተው እርሳስ ከሌለ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር በኃይል ይጋጫል።

ፍጥነትን የጥራት መለኪያ አድርጎ ማስተማርም ያሳስታል። ወገቧ የቀጠነው የአየር ጠመንጃ እርሳስ በሰከንድ 340 ሜትር ወደሚጠጋው የድምፅ ፍጥነት ስትቃረብ ስለምትዋዥቅ፣ ለኃይለኛ ጠመንጃ ከበድ ያለችውን እርሳስ መምረጥ ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ጠመንጃውን በለመደው የመሣሪያ ዘይት እንዲያጥበው አይፍቀዱለት፤ አየሩ በሚታመቅበት ክፍል የገባ የነዳጅ ዘር ዘይት በግፊቱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። አስቀድሞ በታመቀ አየር የሚሠራ ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ የሚሞላው በንጹሕ ደረቅ አየር ብቻ እንጂ በኦክስጅን ፈጽሞ እንዳልሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት።