ሲጨንቃችሁ ሻይ ስታፈሉ እነዚህን አትሳሳቱ

ባለፈው ክረምት የምሠራባትን ትንሽ ሱቅ ልለቅ ደርሼ ነበር። አከራዩ ኪራዩን በአንዴ እጥፍ አደረገው፤ ዕቃው ደግሞ በዱቤ የመጣ ነው። ደሴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ላይ ይቆማል፣ ከጠዋት ጀምሮ የመሸ ይመስላል፣ ሐሳብ ለያዘው ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን አያልቅም። ያን ሰሞን በቀን ስድስት ብርጭቆ ሻይ እጠጣ ነበር። ቀለለህ ወይ ብትሉኝ፣ ጭራሽ ባሰብኝ እንጂ። እንቅልፌ ጠፋ፣ ጨጓራዬ ተነሣ፣ ብር ስቆጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሻይ ለጨነቀው ሰው ጥሩ ነው። እኔ ግን አጠጣጡን አላወቅሁበትም። የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ፤ ግማሹን ጎረቤቴ የሆኑ አንድ እናት ናቸው ያረሙኝ፣ ግማሹን ራሴ ተቀጥቼ ነው የተማርኩት።

ቆሞ መጠጣት

ዋናው ይሄ ነው። አንድ ማታ እማማ ሳህን ሊመልሱ መጥተው ምድጃው አጠገብ ቆሜ ስጨልጥ አገኙኝ።

«ምነው፣ በቅሎህ ተጭናለች እንዴ?»

«እማማ፣ ቸኩዬ ነው።»

«ወዴት ልትሄድ?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ ውጭው ዝናብ ነው፣ የምሄድበት የለም።

«አብሽር ልጄ። በል መጀመሪያ ቁጭ በል።»

እኛ ወሎዎች ቡና ላይ ማንም አያስተምረንም። ጭሱ አለ፣ ዱዓው አለ፣ አቦሉን ጠጥታችሁ ልትነሡ ስትሉ «በረካውን ሳትጠጡ?» ብሎ የሚቆጣ ሰው አለ። ቡናው ራሱ ይዞ ያስቀምጣችኋል። ሻይ ግን እንዲህ ያለ ባለቤት የለውም። ከካፋ ውሽውሽ ወይ ከኢሉባቦር ጉመሮ ታሽጎ ይመጣል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። ስለዚህ ሥርዓቱን እናንተው አውጡለት። እኔ አሁን በርጩማ እስባለሁ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጄ እይዛለሁ፣ እስኪያልቅ ሌላ ነገር አልነካም። አሥር ደቂቃ ነው። ዕዳ በአሥር ደቂቃ አይወልድም።

ቅጠሉን መቀቀል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን ውሃውን፣ ቅጠሉን፣ ስኳሩን፣ ቅመሙን አንድ ላይ ጥደን እስኪጠቁር እንቀቅለዋለን፤ እንደውም ጠዋት የተፈላውን ማታ እናሞቀዋለን። ቅጠሉ ብዙ ሲቀቀል ታኒን የሚባለው ነገር ይበዛበታል፣ ምላስን እንዳልበሰለ ሙዝ ይይዛል፣ ባዶ ሆድ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጨጓራ ያስነሣል። በጭንቀት ቀን መቼም ማን ምሳ ይበላል? ባዶ ሆድ ላይ ነው የሚያርፈው።

እማማ እንዲህ ነው የሚያፈሉት። ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ የግማሽ ጣት የምታህል ቀረፋ፣ ሦስት ቅርንፉድ፣ ሄል ካለ ሁለት ፍሬ ሰንጠቅ ተደርጎ። ሁሉም ገና በቀዝቃዛው ውሃ ይገባል። ክዳኑ ተዘግቶ አምስት ደቂቃ ይንተከተካል። ተጠቅልሎ የነበረው ቀረፋ ዘርጋ ሲል፣ ሽታው ከበሩ ሲወጣ፣ ከእሳት ይወርዳል። ቅጠሉ የሚገባው ያኔ ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ ብሎ። ክዳኑ ይመለሳል። አራት አምስት ደቂቃ ይታገሡታል፣ ከዚያ በማጥለያ ይቀዳል። ቀለሙ ቀይ ነው፤ ብርጭቆውን ከፍ ብታደርጉት ከማዶ ያለው ጣታችሁ ይታያል።

(ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ቅጠሉ ዘገም ብሎ ቀለሙን የሚለቀው አንድም ለዚህ ነው። ደቂቃ ጨምሩለት እንጂ እሳት ላይ አትመልሱት።)

ስኳሩን እንደ መድኃኒት መቁጠር

ሲከፋን ጣፋጭ ያምረናል፣ ይገባኛል። ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። እኔ በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ እያደረግኩ ስድስት ብርጭቆ ስጠጣ 72 ግራም ገባ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻልማ ወደ 25 ዝቅ ቢል ይመረጣል ይላል። በአንድ ቀን ለማቆም ሞክሬ አልቻልኩም፣ ሻዩን ሁሉ ጠላሁት። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ስቀንስ ግን ብዙም አልታወቀኝም። ቀረፋውን ጨመር ማድረግ ይረዳል።

ማታ ማታ መጠጣት

ሻይ ውስጥም ካፌይን አለ፣ ከቡናው በግማሽ ገደማ ቢያንስም። ካፌይን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶም ግማሹ እዚያው ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ግማሹ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አብሯችሁ ነቅቶ ኮርኒስ ያያል። እኔ «ሐሳብ ነው እንቅልፍ የነሣኝ» እል ነበር፤ ሐሳቡስ አለ፣ ግን ሻዩ ያግዘው ነበር። (ስፕሪስ የምታዝዙማ ቡናውንም ሻዩንም አንድ ላይ ነው የምትጠጡት፣ ለእናንተ ምን እላለሁ።)

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ጦስኝ አፍሉ። ከደጋው የሚወርደውን ደረቁን ከገበያ ግዙ፤ አንድ እፍኝ ብዙ ቀን ያቆያል። ካፌይን የለውም፤ የፈላ ውሃ ታፈሱበታላችሁ፣ ትከድናላችሁ፣ በቃ። ክዳኑን ስትከፍቱት የሚመጣው ሽታ ብቻውን ትከሻን ያወርዳል፣ ለእኔ ቢያንስ።

ሳይበርድ መጨለጥ

ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ አዘውትሮ መጠጣት ምግብ ለሚወርድበት ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ብለው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተመራማሪዎች በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አስታውቀዋል። እፍ እያላችሁ የምትጠጡት ከሆነ ገና ነው። ጠብቁት።

ከምግብ ጋር ማያያዝ

ሻይ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። እርጉዝ ለሆነች፣ ደም ማነስ ላለባት፣ የአይረን ኪኒን ለምትወስድ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቅ። ምሳን በሻይና በዳቦ ማለፉም አያዋጣም። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ጠላቴ ይመስለኝ ነበር።

ስልክ ይዞ መጠጣት

በአንድ እጅ ብርጭቆ፣ በአንድ እጅ የዓለም መርዶ። ሻዩ መቼ እንዳለቀ እንኳን አታውቁም። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፣ ሌላ የምጨምረው የለም።

ለብቻ መጠጣት

ያን ሰሞን በሬን ዘግቼ ነበር የምጠጣው። ሰው «ሱቁ እንዴት ነው?» እንዳይለኝ። ነገሩ ግን ለብቻ ሲሆን ሻዩም ሐሳቡም አብሮ ይፈላል። እማማ ያን ማታ ከተቀመጡ በኋላ ስለ ሱቁ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲቀዱ ግን ራሴ መናገር ጀመርኩ፤ ኪራዩን፣ ዱቤውን፣ ለባለቤቴ የደበቅኩትን ጭምር። እሳቸው «አብሽር» ይላሉ፣ ደግመው «አብሽር» ይላሉ። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ነው፣ ደስ ይበልህ እንደማለት፤ እኛ ጋ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል፣ ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ይሠራል። መፍትሔ አልነገሩኝም። «ለሚስትህ ግን ዛሬውኑ ንገራት» ብለው ሳህናቸውን ትተው ሄዱ።

ነገርኳት። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ጠዋት ደግሞ ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ምግብ ከጠላችሁ፣ መኖር ራሱ ካስጠላችሁ፣ ሻይም ጎረቤትም አይበቃም። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ዛሬውኑ።

ሱቁን ለቀቅኩት። አሁን ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ተጋርተን ጠበብ ያለች ቤት ይዘናል፤ ኪራዩን እኩል ነው የምንከፍለው። አሥር ሰዓት ላይ እሱ የስፌት መኪናውን ያቆማል፣ እኔ በራዱን እጥዳለሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት በርጩማ አለ፤ እማማ በዚያ ሲያልፉ ደግሞ ሦስተኛ ከጎረቤት እንዋሳለን።