የዜጌ ገዳማትን በአንድ ጠዋት እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ዜጌ ጣና ሐይቅ ውስጥ የገባች ልሳነ ምድር ናት፤ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ትርቃለች። ቀኑን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ነፋስና የጀልባ ውል።

ከመነሳታችሁ በፊት ባሕር ዳር ወዳለ ሰው ደውላችሁ የአካባቢውን ሰላም ጠይቁ። ይሄን አትዝለሉት።

ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ ዘይት ረግቶ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳል። ትንሽ ጀልባ ላይ ፊት የተቀመጠ ሰው በስብሶ ነው የሚወርደው፤ ልጆች ደግሞ ያስመልሳቸዋል። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ።

የጀልባው ነገር ትዕግስት ይጠይቃል። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? መጀመሪያ ይሄ ይጥራ። ቀጥላችሁ የምትወርዱበትን ቦታ በስሙ ጥሩ፤ «ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ከዚያ አዝዋ ማርያም» በሉ። «ገዳማቱን አሳያችኋለሁ» የሚል ደፍን ያለ ቃል ዋጋ የለውም። ባለጀልባው አንዱን አሳይቷችሁ፣ ጉማሬ እንይ ብሎ ወደ ዓባይ መውጫ ሊያዞራችሁ ይችላል። ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁም ተነጋገሩ፤ አለበለዚያ ገና ሥዕሉን ሳታጣጥሙ «እንሂድ» ይመጣል። ግማሹን ክፈሉ፣ ግማሹን ስትመለሱ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

በመኪናም ይደረሳል። ሐይቁ እያለ በመኪና መሄድ ግን ለእኔ አይዋጥልኝም።

ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ገዳሙ የምትሄዱት በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ዜጌ ላይ በጥንቱ ሥርዓት በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ደኑ እስከዛሬ የቆየው አንድም በዚህ ነው። መንገዱ ዳር ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች ይሸጣሉ። መግዛት ካሰባችሁ ስትመለሱ ይሁን።

እያንዳንዱ ገዳም መግቢያውን ለብቻው ያስከፍላል፤ ከጀልባው ሒሳብ ጋር አይገናኝም። ዝርዝር ብር ያዙ። ነጠላ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ስለሆነ ሌላ ቀን ይሻላል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሥዕሎቹ የመቅደሱን ግድግዳ ከውጭ ዙሪያውን ሸፍነውታል፤ ጨርቅ ላይ ተሥለው ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፉት። ብዙ ሰው አንድ ዙር ዞሮ፣ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። እናንተ ፊቶቹን እዩ። ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ያዩአችኋል፤ ክፉዎቹ በጎን የተሣሉ ናቸውና አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ይህን ያወቀ ሰው ታሪኩን ባያውቅ እንኳ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ይገባዋል። በላዔ ሰብእንም ፈልጉት፤ ያን ሁሉ ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነውን። ኃጢአቱና ያ ጥርኝ ውሃ የተመዘኑበት ሚዛን ጋ ቆም በሉ። ፍላሽ አታብሩ፣ ሥዕሉን አትንኩ። ከአካባቢው አስጎብኚ ብትይዙ ገንዘባችሁ አይባክንም፤ ካህኑ ጊዜ ካላቸው ግን ከማንም በላይ የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው።

ስትመለሱ ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ለመውረድ ካሰባችሁ፣ ሴቶች እንደማይገቡ ቀድማችሁ እወቁ። ከጎኑ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችንም ታስገባለች። ዳጋ እስጢፋኖስን እዚህ ጉዞ ላይ አትደርቡት፤ ሩቅ ነው፣ የራሱን ቀን ይፈልጋል።

ጢስ ዓባይንም እንደዚያው ለሌላ ቀን አቆዩት። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ከዚያ ውጭ ከሆነ ውሃው ተለቆ እንደሆነ ሳትጠይቁ መኪና አትከራዩ።